ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳንተዋወቅ ቀረን፦ የተመስጦ ማኅበር ራሱን እንዴት ያደራጅ፣ አባላቱንስ እንዴት ይንከባከብ?

የሱሉልታ መንገድ (ክሩን የከፈተ) — ሰኔ 9

ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ ጤና ይስጥልኝ። ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ግቢ ጓሮ በተከራየነው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን የቡድሃን ትምህርት የተከተለ ተመስጦ የምንለማመድ አሥራ ስድስት ሰዎች ነን። ከጀመርን አራት ዓመት ሆኖናል። ከመካከላችን ራሳቸውን ቡድሂስት ብለው የሚጠሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የቀረነው በየእምነታችን ጸንተን፣ ትንፋሽን መከታተልንና አእምሮን ማርጋትን ለመማር የምንመጣ ነን። የሚመሩን ውጭ አገር ለረጅም ዓመታት ኖረው የተመለሱ አንድ አዛውንት ሲሆኑ፣ ለዚህ ድካማቸው ምንም ክፍያ አይቀበሉም።

ወደዚህ መድረክ ያመጣኝ በሚያዝያ የደረሰብን ነገር ነው። አንዲት እህታችን ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ቀረች። የቤቱ ቁልፍ በእኔ እጅ ስለሆነ ምንጣፎቹን የማነጥፈውም እኔ ነኝ፤ ሦስቱንም ቅዳሜ የእሷን ምንጣፍ በቦታው አንጥፌ፣ ሲመሽ ማንም ሳይቀመጥበት አጥፌ አስቀመጥኩት። ስልኳን አላውቅም ነበር። ቤቷ በለገጣፎ በኩል ይሁን በቡራዩ በኩል፣ ከእኛ መካከል የሚያውቅ አልተገኘም። በአራተኛው ሳምንት ከሰውነቷ ጎድላ መጣች። ታይፎይድ ይዟት ኖሯል፤ አጥሚት እየሠሩና ሐኪም ቤት እያመላለሱ ያስታመሟት የሰፈሯ እድር ሴቶች ናቸው። ከዚያች እህት ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጬአለሁ።

ለዚህ ያበቃን ደግሞ የምንኮራበት ልማዳችን ነው። ስንገባ አንነጋገርም፤ ተቀምጠን እንነሳለን፤ ሰላምታ ሰጥተን እንበተናለን። ለአዲስ መጭዎች ስለ ቡድናችን ስናስረዳ አስቀድመን የምናነሳው ይህን ጸጥታ ነበር። አሁን ግን ጸጥታው እርስ በርስ ላለመጠያየቅ ሽፋን ሆኖን እንደነበረ አምናለሁ፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ልምድ ያላችሁን ልጠይቅ። የቡድሃን ትምህርት የሚከተሉ ማኅበራት በሌላው ዓለም ሥራቸውን የሚከፋፈሉት፣ ሕመምተኛቸውን የሚጠይቁት፣ ገንዘባቸውን የሚይዙትና ቅሬታቸውን የሚፈቱት እንዴት ነው? እንደ እድር መተዳደሪያ ደንብ ማውጣት ይበጀናል?


የእድር ጸሐፊ፣ ኮተቤ — ሰኔ 10

ልጄ፣ ስለ ቡድሃ ትምህርት የማውቀው የለኝም፤ በእድር ጸሐፊነት ግን ሃያ ሁለት ዓመት አገልግያለሁና ስለ ማኅበር ጥቂት ልበል።

ከደንብ አትጀምሩ። ደንብ የሚያስፈልገው ሰዎች ተዋውቀው ከጨረሱ በኋላ፣ በገንዘብም ሆነ በሥራ መቀያየም ሲመጣ ነው። ለእናንተ አሁን የሚያስፈልጋችሁ አንድ መዝገብ ነው፤ በላዩም የአባሉ ስም፣ ስልኩ፣ ቤቱ የሚገኝበት ሰፈር ከታወቀ ምልክት ጋር፣ አንድ ነገር ቢደርስበት የሚጠራለት የቅርብ ሰው ይጻፍበት። በየስብሰባው ስም ይጠራ፤ የቀረ ሰው ቀሪ ተብሎ ይመዝገብ። በእድራችን ውስጥ ስም የምንጠራው ለመቅጣት ብቻ እንዳይመስልዎት። ባለቤቷ የሞተባት አንዲት እናት ሁለት ወር አከታትላ ስትቀር ቀሪ የሚለው ምልክት ባይኖር ኖሮ ማንም ልብ አይላትም ነበር፤ መዝገቡ ነው ሄደን በሯን እንድናንኳኳ ያደረገን።

ሌላው ላነሳው የምሻው፣ እድር የቆመው በዋናነት በሞት ላይ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ጥሩምባው፣ ቀባሪው ሁሉ የተዘጋጀው ለዚያች ቀን ነው። የእናንተ ስብስብ ግን ሰው በሕይወት ሳለ የሚገናኝበት ስለሆነ ከእድር ይልቅ ለጽዋ ማኅበር ይቀርባል፤ ጽዋ ማኅበር ደግሞ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ስለሚዞር፣ ማን የት እንደሚኖርና በምን ሁኔታ እንዳለ ሳይጠየቅ ይታወቃል። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በየአንዳንዱ አባል ቤት ብትቀመጡ ብዙ ነገር ይቀልላችኋል።


ከፑኔ የተመለሰ — ሰኔ 10

በሕንድ አገር ፑኔ ከተማ ስማር ኢጋትፑሪ በሚገኘው በዳማ ጊሪ ማዕከል ቪፓሳና የሚባለውን የቡድሂስት ተመስጦ አሥር ቀን ተቀምጬ፣ በኋላም ሁለት ጊዜ በአገልጋይነት ሠርቼአለሁ። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራውን ይህን ማዕከል ያቋቋሙት በ1924 በማንዳላይ የተወለዱትና በ2013 ያረፉት የቪፓሳና መምህር ጎየንካ ናቸው። ሠልጣኙ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደወል ተደውሎለት ይነሳል፤ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ በዝምታ ይውላል። ለምግብም ለመኝታም አይከፈልም፤ መዋጮ የሚቀበሉት ኮርሱን ከጨረሰ ሰው ብቻ ነው። አስተማሪዎቹ ደመወዝ የላቸውም፤ ወጥ ቤቱንና ጽዳቱን የሚሠሩት ቀደም ሲል የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በዚያ የጥብቅ ዝምታ ጊዜ እንኳ የታመመ ወይም የተቸገረ ሰው አገልጋዩንም አስተማሪውንም ማናገር ይፈቀድለታል፤ ዝምታው በአሥረኛው ቀን ይፈታል። የአሥር ቀንን ሥርዓት ለአራት ዓመት ኑሮ መተዳደሪያ አድርጋችሁት ከሆነ፣ ስህተቱ ከዚያ የጀመረ ይመስለኛል።

ነገር ግን ስለ እናንተ ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ በመነኮሳቱ የሥርዓት መጽሐፍ በቪናያ ውስጥ ያለ አንድ ታሪክ ነው። በቡድሃ ዘመን በኮሳላ ምድር የዝናቡን ወራት በአንድነት ሊያሳልፉ የተሰበሰቡ መነኮሳት ጠብ እንዳይነሳባቸው ብለው እስከ ክረምቱ ማለቂያ ላይነጋገሩ ተስማሙ። ከምጽዋት ቀድሞ የተመለሰው መቀመጫ ያነጥፋል፣ የእግር መታጠቢያ ውሃ ያቀርባል፤ ኋላ የመጣው ዕቃ ያነሳል፣ ቤት ይጠርጋል፤ እንስራው ባዶ መሆኑን ያየ ይሞላዋል፤ ብቻውን ያልቻለ እንደሆነ ጓደኛውን በእጁ ይጠቅሰዋል እንጂ አይናገርም። ክረምቱ ሲያልቅ ወደ ቡድሃ ሄደው በሰላምና በስምምነት እንደከረሙ ነገሩት። እሱ ግን አላመሰገናቸውም። አብራችሁ የከረማችሁት እንደ ከብት፣ እንደ በግ መንጋ ነው ብሎ ነቀፋቸው፤ የዝምታ ስእለት መግባትንም ከለከለ።

በምትኩም ፓቫራና የሚባለውን ሥርዓት ደነገገላቸው። በክረምቱ መጨረሻ እያንዳንዱ መነኩሴ በማኅበሩ ፊት ቀርቦ፣ በእኔ ላይ ያያችሁት፣ የሰማችሁት ወይም የጠረጠራችሁት ጥፋት ካለ በርኅራኄ ንገሩኝ፣ ካየሁት አርመዋለሁ እያለ ሦስት ጊዜ ይለምናል። ሥርዓቱ እስከ ዛሬ ቴራቫዳ በሚባለው ጥንታዊ የቡድሂዝም ወገን ገዳማት ይፈጸማል። የኮሳላዎቹ መነኮሳት ምንጣፉንም ውሃውንም በሚገባ ይዘውት ነበር፤ እርስዎም ምንጣፍ በማንጠፍ አልጎደሉም። የጎደለው ንግግሩ ነው።


የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ — ሰኔ 11

ከላይ የተነገረው ታሪክ ትክክል ነው፤ ብቻውን ከተነበበ ግን ዝምታን ያለአግባብ ያስኮንናል ብዬ እሰጋለሁ። በዚሁ ትምህርት ውስጥ አኑሩዳ፣ ናንዲያና ኪምቢላ ስለሚባሉ ሦስት መነኮሳት ይነገራል። እነሱም ልክ እንደ ኮሳላዎቹ ቀድሞ የመጣው እያነጠፈ፣ ኋላ የመጣው እየጠረገ፣ እንስራ የሚሞላው ሲቸገር በእጁ እየጠቀሰ በጸጥታ ይኖሩ ነበር። ቡድሃ ግን እነሱን አመሰገነ። እንደ ወተትና ውሃ ተዋሕደው፣ እርስ በርስ በፍቅር ዓይን እየተያዩ እንደሚኖሩ ተመስክሮላቸዋል። ልዩነቱን የፈጠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ በየአምስት ቀኑ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለው ስለ ትምህርቱ ይነጋገሩ ነበር። ሁለተኛው፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ፈቃድ ትተው የሌሎቹን ፈቃድ ለመፈጸም ወስነው ነበር።

ስለዚህ ጸጥታችሁን እንድታፈርሱ አልመክርም። በሳምንት ሁለት ሰዓት በጸጥታ መቀመጥ በዚህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ጩኸት ውስጥ ትልቅ በረከት ነው። ከእያንዳንዱ አራተኛ ቅዳሜ ግማሹን ለንግግር ብትለዩት ግን የአኑሩዳን መንገድ ተከተላችሁ ማለት ነው።


ነርስ ነኝ — ሰኔ 11

በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ ተመስጦ ከጀመርኩም ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ስለ ሕመምተኛ እንክብካቤ በቪናያ ውስጥ ያለው ትምህርት በነርስነት ትምህርት ቤት ከተማርኩት ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ሳውቅ በጣም ተገርሜ ነበርና ላካፍላችሁ።

አንድ መነኩሴ በተቅማጥ ታሞ፣ በገዛ ሰገራው ላይ ወድቆ፣ የሚጠይቀው አጥቶ ይገኛል። ቡድሃ ከረዳቱ ከአናንዳ ጋር ሆኖ ውሃ አስመጥቶ በእጁ አጠበው፤ አንዱ በራስጌው፣ አንዱ በግርጌው ይዘውም አልጋ ላይ አስተኙት። ከዚያ መነኮሳቱን ሰብስቦ ስለምን እንዳላስታመሙት ሲጠይቃቸው፣ እሱ ለማኅበሩ የሚሠራው ነገር ስለሌለ ነው አሉት። መልሱም የሚከተለውን የሚመስል ነው። እናትም አባትም አጠገባችሁ የላችሁም፤ እናንተው ካልተስተማመማችሁ ማን ያስታምማችኋል? እኔን ሊያገለግል የሚወድ ሕመምተኛን ያገልግል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቃል እንግዳ አይሆንበትም።

ትምህርቱ ስሜት በመቀስቀስ አያበቃም፤ ጥሩ አስታማሚ ማን እንደሆነ በዝርዝር ይናገራል። መድኃኒት ማዘጋጀት የሚችል፣ ለሕመምተኛው የሚስማማውንና የማይስማማውን ለይቶ የሚያቀርብና የሚከለክል፣ የሚያስታምመው ጥቅም ፈልጎ ሳይሆን በቅን ልብ የሆነ፣ ሰገራና ሽንት፣ አክታና ትውከት ማንሳት የማይጸየፍ፣ በተገቢው ጊዜም በመልካም ንግግር የሚያጽናና ነው። ለማስታመም የሚያስቸግር ሕመምተኛም ተገልጿል፤ ከእነዚህ አንዱ ሕመሙን በእውነት ለአስታማሚው የማይናገር ነው። ይህን በዎርድ ውስጥ በየቀኑ አየዋለሁ። በተጨማሪም አንድ መነኩሴ ሲሞት ሳሕኑና ልብሱ ላስታመሙት ሰዎች እንዲሰጥ ተደንግጓል። የማስታመምን ድካም ማኅበሩ ሁሉ በግልጽ ያከብረዋል ማለት ነው።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ለሁሉም ሰው አይስማማም። ከባድ ኀዘን የደረሰበት፣ ቀደም ሲል የአእምሮ ሕመም የነበረበት ወይም እንቅልፍ ያጣ ሰው በተመስጦ ብዛት ሊባባስበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው የበለጠ ተቀመጥ ማለት ጉዳት ነው። እንዲያቆም፣ እንዲበላ፣ እንዲተኛ፣ ከሰው ጋር እንዲነጋገር ማድረግና ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል፤ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታልም ሆነ በአቅራቢያ ያለ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ጤና ተቋም ዘንድ ማን ይዞት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ወስኑ። አዲስ ሰው ሲመጣ ስለ ጤንነቱ በግል፣ በአክብሮት የሚጠይቀው ሰውም ይኑር።


ገንዘብ ያዥ — ሰኔ 13

ክሩን የከፈተው ወንድሜ ባለበት ቡድን ውስጥ የቤት ኪራዩን የምሰበስበው እኔ ነኝ፤ ክሩን ያገኘሁትም ትናንት ነው። እውነቱን ለመናገር በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ተከፍቼ ነበር፤ በኋላ ግን አንድም የተጋነነ ነገር እንደሌለበት አየሁ።

ከእኔ ወገን ያለው ችግር ይህ ነው። መምህራችን ትምህርቱ አይሸጥም ይላሉ፤ እኔም እስማማለሁ። አከራያችን ግን ኪራዩን በየሦስት ወሩ አስቀድማ ትፈልጋለች፤ ከሰልም ስፖንጅም ይገዛል። እያንዳንዱ የፈቀደውን በሣጥን ይጨምር ብለን ጀመርን። የጎደለውን በየጊዜው የምንሞላው ሦስት ሰዎች ነን። እንደ እድር የተወሰነ መዋጮ እናድርግ ስል ገንዘብ ተመስጦውን ያረክሰዋል የሚል መልስ ተሰጠኝ። ሌላው የሚያስጨንቀኝ፣ ሣጥኑን የምከፍተው ብቻዬን መሆኑ ነው። ማንም ጠርጥሮኝ አያውቅም፤ ቢሆንም ሌላ ሰው አብሮኝ እንዲቆጥር እለምናለሁ፤ ሁሉም እናምንሃለን እያሉ ይሄዳሉ።


ከፑኔ የተመለሰ — ሰኔ 13

ወንድሜ፣ ልመናዎ ተገቢ ነው፤ እናምንሃለን ማለት ሸክሙን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ጥሎ መሄድ ነው። በቪናያ ማኅበሩ መጋቢ፣ መኝታ አዳይ፣ ዕቃ ቤት ጠባቂ፣ ልብስ ተቀባይ ይሾማል። የሚሾመውም በጉባኤ ፊት ስሙ ቀርቦ፣ የሚቃወም ካለ እንዲናገር ተጠይቆ፣ ጉባኤው ዝም ሲል ነው። መመዘኛውም በአድልዎ፣ በጥላቻ፣ በድንቁርናና በፍርሃት የማይመራ መሆኑ፣ የተሰጠውንና ያልተሰጠውን ለይቶ ማወቁ ነው። ገንዘብ ያዥ ፍርሃት የሌለበት መሆን አለበት የሚለው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ምክንያቱም ብዙ የማኅበር ገንዘብ የሚጠፋው ጉልበተኛ ሰው ሲጠይቅ እምቢ ለማለት በመፍራት ነው።

የቴራቫዳ መነኮሳት በሥርዓታቸው መሠረት ገንዘብ በእጃቸው አይነኩም፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ አይበሉም፤ የሚበሉትንም ሌላ ሰው በእጁ ካላቀረበላቸው አንስተው አይጎርሱም። ይህም በየቀኑ ከምእመኑ ጋር እንዲገናኙ ያስገድዳቸዋል። ምእመኑ ደግሞ በዚህ ምክንያት መነኮሳቱን የሚገታበት ልጓም አለው። በኮሳምቢ ከተማ በሽንት ቤት በተተወ ትንሽ የማጠቢያ ውሃ ምክንያት ተነሳ በሚባል ክርክር መነኮሳቱ ለሁለት ተከፈሉ። ቡድሃ ሊያስታርቃቸው ቢሞክር አልሰሙትም፤ ትቷቸው ወደ ጫካ ሄደ። በመጨረሻ ልባቸውን የመለሰው የከተማው ሕዝብ ነው፤ ለተጣሉት መነኮሳት አንሰግድም፣ ምግብም አንሰጥም አለ፤ እነሱም ይቅርታ ለመጠየቅ ተነሱ።

ስለዚህ ትምህርቱ በነጻ ይሰጥ፤ ኪራዩ ግን የጋራ ዕዳ ነውና በግልጽ ይታወቅ። በየወሩ የገባውና የወጣው በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ የተቸገረ ሰውም ሳይሳቀቅ እንዲቀመጥ መጠኑን ለየራሱ ብትተዉለት፣ ሁለቱም ይጠበቃሉ።


ሒሳብ መርማሪ፣ ሰበታ — ሰኔ 14

ስለ ገንዘቡ የተባለው በቂ ነው፤ ሣጥኑ በሁለት ቁልፍ ይዘጋ፣ ቆጣሪዎቹ ሁለት ይሁኑ፣ ገንዘብ ያዡ በየዓመቱ ይቀየር።

ማንም ያላነሳውን ጥያቄ ግን ላንሳ። መምህሩን ማን ይጠይቃቸዋል? ይህን የምለው እሳቸውን በመጠርጠር አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የነበሩ ዜን የሚባለው የቡድሂዝም ወግና የሌሎች ወጎች በርካታ ማኅበራት የተናወጡት፣ መሪዎቻቸው በገንዘብና በሥነ ምግባር ሲበድሉ ለመናገር መንገድ ባለመኖሩ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ብዙዎቹ የተመረጠ ቦርድ፣ የጽሑፍ የሥነ ምግባር መመሪያና አቤቱታ የሚሰማ ኮሚቴ ያቋቋሙት። በአገራችንም መምህርን ማክበር በደማችን ውስጥ ያለ ነው፤ የኔታ ፊት ቀና ብሎ መናገር እንኳ ነውር ሆኖ ነው ያደግነው። ያንን አክብሮት ማጣት አልፈልግም። ነገር ግን አንዲት ሴት አባል ቅር የሚያሰኛት ነገር ቢገጥማት ለማን ትናገር? የሚሰማት ሰው አስቀድሞ በስም የታወቀ፣ ሴትም የሆነች፣ ከመምህሩም ከቁልፍ ያዡም ሌላ መሆን አለባት።


የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ — ሰኔ 14

ለሒሳብ መርማሪዋ እህቴ ጥያቄ ድጋፍ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ የፓቫራና ሌሊት ቡድሃ ራሱ ከማንም ቀድሞ፣ በሥራዬ ወይም በንግግሬ የምትነቅፉት ነገር አለ ወይ ብሎ መነኮሳቱን እንደጠየቀ ተጽፏል። መምህራችሁ ይህን ቢያስታውሱ፣ ጥያቄውን እንደ ድፍረት አይቆጥሩትም።


አንድ አንባቢ — ሰኔ 15

በትሕትና ልጠይቅ። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ። ይህ ሁሉ አደረጃጀት ሰዎችን ወደ ሌላ ሃይማኖት ለመውሰድ የሚደረግ ነው ብለው የሚሰጉ ጎረቤቶች የሉባችሁም? በሕግስ እንዴት ትታያላችሁ?


የሱሉልታ መንገድ — ሰኔ 15

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ማንንም እምነቱን እንዲተው አንጠይቅም፤ በጾም ወራት የሚጾሙ አባሎቻችን ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ይሄዳሉ፤ ለዙሁርና ለዐስር ሶላት የሚነሱም አሉ። ሦስቱ ቡድሂስቶችም ማንነታቸውን አይደብቁም። የሰፈሩ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ተጠራጥረውን ነበር፤ አከራያችን አንድ ቀን ገብታ አብራን ከተቀመጠች በኋላ ነው ወሬው የበረደው። ሕጉን በተመለከተ የሃይማኖትና የመደራጀት ነጻነት በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 እና 31 ተደንግጓል፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። እኛ የትኛው እንደሆንን ገና በመካከላችን አልተስማማንም፤ ለአሁኑ እንደ ጽዋ ማኅበር በመተማመን የምንኖር ሰዎች ነን።


ከፈረንሳይ — ሰኔ 17

ከአገር ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። በ1982 እ.ኤ.አ. የቬትናሙ መነኩሴ ቲክ ናት ሀን በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ባቋቋሙት የተመስጦ ማኅበር፣ በፕላም ቪሌጅ የተማርኩት አንድ ልማድ ለአራተኛው ቅዳሜ ይሆናችኋል። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ በመካከል የአበባ ማስቀመጫ ይደረጋል። የሚናገረው ሰው እጅ ነስቶ አበባውን ወደ ራሱ ያመጣል፤ አበባው በፊቱ እስካለ ድረስ ማንም አያቋርጠውም፣ አይመልስለትምም። መጀመሪያ ስለ ሌሎቹ ያየውን መልካም ነገር ይናገራል። ከዚያ ራሱ ያጠፋውን ያነሳል። በመጨረሻ የተጎዳበትን ነገር ሳይወቅስ ይገልጻል፤ እርዳታ ከፈለገም ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ ከምስጋናው በላይ እንዳትሄዱ እመክራለሁ፤ ቅሬታ ለመናገር አስቀድሞ መተዋወቅ ያስፈልጋል። እኔ አምስት ወር ፈጅቶብኛል።


የሱሉልታ መንገድ — ሐምሌ 6

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ክር አትሜ ለአባላቱ ሰጠኋቸው፤ ባለፈው ቅዳሜም አንድም ደቂቃ ሳንቀመጥ ሦስት ሰዓት ተኩል ተነጋገርን። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን አልነበረንም።

ታማ የነበረችው እህታችን ጉዳዩ የእሷ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ አስቀድማ ጠይቃን ነበር፤ በመጨረሻ ግን ራሷ ተናገረች። ከመታመሟ በፊት ስልኳን ልትሰጠኝ ሁለት ጊዜ አስባ፣ ጸጥታውን ላለማወክ ብላ መተዋን ነገረችን። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የተነሱት መምህራችን ናቸው፤ የጸጥታውን ሥርዓት ያመጣሁት እኔ ነኝና ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል አሉ፤ የክረምቱ ማለቂያ ላይ ፓቫራና እንድናደርግና በመካከላችን መጀመሪያ የሚቀርቡት እሳቸው እንዲሆኑ ጠየቁን። የመነኮሳቱ የክረምት ሱባኤ አብዛኛውን ጊዜ ከሐምሌ ጀምሮ በመስከረም ማለቂያ ወይም በጥቅምት የሚያበቃ ስለሆነ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ሱባኤው የተጀመረውም መነኮሳቱ በዝናብ ወራት ሲዘዋወሩ ለጋውን ቡቃያ ይረግጣሉ የሚል ወቀሳ ከሕዝቡ ስለመጣ ነው ሲሉ ነገሩን፤ በመስኮታችን ማዶ የተዘራውን ማሳ እያየን ይህን መስማት ደስ ይላል።

የወሰንነው ብዙ አይደለም። የስም መዝገብ ተከፍቷል፤ የቀረ ሰው እሑድ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ይደወልለታል። አባላቱን በሰፈር ከፍለን በቡራዩ፣ በሱሉልታና በኮተቤ መስመር ለየሁለት ሁለት ሰዎች ጠያቂነት ሰጥተናል። ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ተገዝቶለታል፤ ገንዘብ ያዣችን ሲቆጥር አከራያችን ሳትቀር አጠገቡ ቆማ አይታለች፤ ከኪራዩ የተለየ የሕመምተኛ መጠየቂያም ጀምረናል። አቤቱታ የምትሰማን እህት መርጠናል። አራተኛው ቅዳሜ ለንግግር ተለይቷል። የመዋጮው መጠን ላይ ግን ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን፤ አንድ አባል በጣም ተቆጥቶ ወጥቷል፤ ነገ ከገንዘብ ያዡ ጋር ቤቱ እንሄዳለን።

ለኮተቤው አባቴ አንድ ልመና አለኝ። የእድራችሁ መዝገብ እንዴት እንደተከፋፈለ ቢያሳዩን፣ እኛ ያሰመርነው ቶሎ የሚሞላብን ይመስለኛል።


የእድር ጸሐፊ፣ ኮተቤ — ሐምሌ 7

የአንዱን ገጽ ፎቶ ስም የሌለበትን መርጬ እልክልዎታለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ገጽ ስጡት፤ ስሙን በቀለም፣ ስልኩን በእርሳስ ጻፉት፣ ሰው ስልክ ይቀይራልና። ወደ ተቆጣው ወንድማችሁ ስትሄዱ ስለ መዋጮው እናንተ አታንሱ፤ ቡና ከቀረበላችሁ እስከ በረካው ተቀመጡ።